ስለ ዕቃ ብዛትና ስለ ኅሊና ዕረፍት



ጳጉሜን ሲገባ በየሰፈራችን የሚታይ ነገር አለ። ክረምቱ ሊወጣ፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር የየቤቱ ዕቃ ወደ ግቢ ይወጣል። ፍራሹ አጥር ላይ ይሰጣል፤ ምንጣፉ ይራገፋል፤ ዓመት ሙሉ ያልታዩ ሻንጣዎች፣ ካርቶኖችና ጆንያዎች ከአልጋ ሥር ይጎተታሉ። ግቢው ሲሞላ ያየ ሰው፣ «ይህ ሁሉ እዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ እንዴት ተኝቶ ኖሯል?» ብሎ ይደነቃል። ቤቱ ተጠርጎና ተወልውሎ ባዶውን ሲታይ ደግሞ ለአንድ አፍታ ልብን የሚያሳርፍ አንዳች ነገር አለው። ድምፅ እንኳ በባዶ ቤት ውስጥ ሌላ ነው። ከዚያስ? ዝናብ ሳይመጣ ተብሎ የወጣው ሁሉ፣ ምናልባት ከአንድ የተሰበረ ወንበር በቀር፣ ማታውኑ ተመልሶ ይገባል፤ በሚቀጥለው ጳጉሜን ዳግመኛ ሊወጣ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። ያ ባዶ ቤት ለአንድ አፍታ የሰጠን ዕረፍት እውነተኛ ነውን? እውነተኛ ከሆነስ ዕቃውን መልሰን የምናስገባው ስለ ምን ነው? አንዳንድ ወንድሞች ይህ የቤት እመቤቶች ጉዳይ እንጂ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ሊጽፍበት የሚገባ አይደለም ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ሰው ከሚያከማቸው ነገር ጋር ያለው ግንኙነት ከኅሊናውና ከእምነቱ የሚለይ አይመስለንም። ደግሞም «የቤት እመቤቶች ጉዳይ» የሚለው አነጋገር ራሱ አንድ በደል አዝሏል፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ዕቃ በአእምሮ ላይ ምን ያደርጋል? አንድ ተራ የከተማ ቤት እንውሰድ። ቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ተብለው የተቀመጡ፣ እንግዳ ሲመጣም «ይሰበራሉ» ተብለው የማይወጡ ብርጭቆዎች አሉ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ መሥራት ያቆመ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ወጥ ቤት ውስጥ «ይጠቅማል» ተብለው የታጠቡ የውሃ ፕላስቲኮችና የታጠፉ ፌስታሎች አሉ። ከአልጋ ሥር የስምንተኛ ክፍል ደብተሮች፣ የጠበበ ጫማ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ማጫወቻ የሌለው ካሴት፣ ቻርጀሩ የጠፋ ስልክ ይገኛሉ። እነዚህ ዝም ብለው የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዝም አላሉም። ጃኬቱ ባየነው ቁጥር «ዚፔን አስቀይሩልኝ» ይላል፤ ቴሌቪዥኑ «ወደ ጠጋኝ ውሰዱኝ» ይላል፤ ደብተሩ «አንድ ቀን እከልስሃለሁ ብለህ አልነበረምን?» ይላል። እያንዳንዱ ዕቃ ያልተፈጸመ ቀጠሮ ነው። ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው ሊያርፍ ነው፤ በሩን ሲከፍት ግን የሚቀበሉት አበዳሪዎች ናቸው።

ይህን በልምድ የምናውቀውን ነገር ምሁራንም መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ስቴፋኒ ማክሜንስና ሳቢን ካስትነር የተባሉ ሁለት የአንጎል ሳይንስ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ በዓይናችን ፊት ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲቀርብ ነገሮቹ በአንጎላችን ውስጥ እርስ በርሳቸው እንደሚሻሙ አሳይተዋል። አንዱን ብቻ ለመመልከት ሌሎቹን መግፋት ያስፈልጋል፤ መግፋት ደግሞ ሥራ ነው። ኮተት በሞላበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ለማንበብ የሞከረ ተማሪ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም።

ከዚህ ይበልጥ ያሳሰበን ሌላው ጥናት ነው። በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ሥራ የሚውሉባቸው 32 ቤተሰቦች በየቤታቸው ተጠንተው ነበር። ባለትዳሮቹ ቤታቸውን እየዞሩ በራሳቸው አንደበት እንዲገልጹ ተደረገ፤ ለጥቂት ቀናትም ምራቃቸው እየተወሰደ፣ ሰው ሲጨነቅ የሚጨምረው ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር ተለካ። ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የ60 ባለትዳሮችን ውጤት ሲያቀርቡ እንዲህ የሚል ነገር ተገኘ። ስለ ቤታቸው ሲናገሩ የተዝረከረከና ሥራው ያላለቀ አድርገው የገለጹ ሚስቶች፣ በጤናማ ሰው ላይ ከጧት ወደ ማታ መውረድ የሚገባው ያ ንጥረ ነገር በእነርሱ ላይ እንደሚፈለገው አልወረደም፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድም ስሜታቸው ይከብድ ነበር። በባሎች ላይ ግን ይህ እንዲህ ጎልቶ አልታየም።

እርግጥ ጥናቱ ስለ ጥቂት ሰዎች ነው። ኮተቱ ጭንቀቱን ያምጣው፣ ወይስ የተጨነቀ ሰው ቤቱ ዝርክርክ ሆኖ ይታየው፣ ለይቶ አይነግረንም። ሆኖም በሚስቶች ላይ ታይቶ በባሎች ላይ አለመታየቱ ሊያስቆመን ይገባል። ቤቱ አንድ ነው፤ ክምሩም አንድ ነው። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ያንን ክምር አይቶ «ይህ የእኔ ዕዳ ነው» የሚለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ለአንዱ ዕቃ ነው፤ ለሌላዋ ፍርድ ነው። በእኛም አገር እንግዳ ገብቶ ቤቱ ተዝረክርኮ ቢያገኘው የሚያማው አባወራውን አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ በዘመቻ ለመጥረግ ቀዳሚ የሆነ፣ ለበዓልም ምንጣፍ ተሸክሞ የሚሮጥ ወንድም፣ በቤቱ ያወለቀውን ካልሲ እኅቱ እንድታነሣለት ሲጠብቅ እናያለን። እኅቲቱም ያው የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ናት፤ እርሷም ፈተና አለባት። «የቤት እመቤቶች ጉዳይ» ማለት እንግዲህ፣ አንዱ የሚያደርገው ኮተት የሌላው የአእምሮ ሸክም ይሁን ማለት ነው።

ነገር ግን የሎስ አንጀለስን ቤት አምጥተን በእኛ ቤት ላይ ብንለካው አይመጣጠንም። የእነዚያ ቤተሰቦች ጋራዥ በካርቶን ተሞልቶ በአብዛኛው መኪና አይገባበትም ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰባትና ስምንት ሰው በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት የሚያድርበት አለ። እዚያ ቤት ፍራሹ ማታ ይነጠፋል፣ ጧት ተጠቅልሎ ይቆማል፤ አልጋው በመጋረጃ ይከለላል፤ ያው አንድ ክፍል ሳሎንም፣ መኝታም፣ ማጥኛም ነው። ይህ ቤተሰብ «ዕቃ በዛብህ» ሊባል አይችልም፤ የጠበበው ቤቱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አሥር ጀሪካን በበር ኋላ ተደርድሮ ቢገኝ ኮተት አይደለም፤ ቧንቧው ራሱ እርሱ ነው። እንዲያውም ጥበብ ለመማር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያሉ ቤቶችን ቢጎበኝ ይሻላል። እያንዳንዱ ነገር ቦታ ያለው፣ ከቦታው የተነሣው ሁሉ ወዲያው የሚመለስ፣ ማሰሮው በማሰሮ ላይ፣ ልብሱ በሻንጣው፣ ሻንጣው ከአልጋው ሥር የሆነበት ቤት ስንት አለ! ያችን ቤት እንዲያ አድርጋ የምታኖር እናት ማንም መጽሐፍ ጽፋ እንድታስተምር አልጠየቃትም።

መጽሐፍ የጻፈችው የጃፓኗ ማሪ ኮንዶ ናት። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ፣ ትምህርቷም እ.ኤ.አ. በ2019 በፊልም ከታየ ወዲህ በዓለም ታውቃለች። የምታስተምረውም፣ እያንዳንዱን ዕቃ በእጃችሁ ያዙ፤ ደስታ የሚሰጣችሁ ከሆነ አስቀሩት፤ ካልሆነ አመስግናችሁ አሰናብቱት የሚል ነው። ትምህርቱ ውበት የለውም አንልም፤ ማመስገንን ማስገባቷ በተለይ ደስ ይላል። ነገር ግን ጀሪካን ለማን ደስታ ሰጥቶ ያውቃል? ምጣድስ? ደግሞም በቀላሉ የሚጥል ሰው ነገ ቢያስፈልገው መልሶ መግዛት የሚችል ሰው ነው። መግዛት የማይችል ሰው ቢያስቀምጥ በምን እንፈርድበታለን?

ይህን ስንል እናቶቻችን ያዩትን ማስታወስ ይገባል። «ለክፉ ቀን ይሆናል» የምትለው ቃል ከባዶ የመጣች አይደለችም። የ1966 ዓ.ም. እና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዚህች አገር አልፏል። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በኮታ፣ በሰልፍ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ቤት የያዘች ሴት ባዶ ጣሳ ስትጥል ብታመነታ ልንስቅባት አይገባም። ጣሳው ነገ መስፈሪያ፣ ከነገ ወዲያ የአበባ መትከያ ነው። አገሩም ቢሆን የተሠራው እንደዚያ ነው። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌውን ብረትና ጠርሙስ ይገዛል፤ ልዋጭ የሚለው አሮጌ ልብስ ወስዶ ሳህን ይሰጣል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ሠልጥነናል የሚሉት አገሮች ዛሬ ስለ ብክነት ሲጨነቁ፣ ይህ ሥራ በእኛ ሰፈር ማንም ስም ሳያወጣለት ኖሯል።

ታዲያ መያዝ ሁሉ ማስተዋል ነውን? አይደለም። የክፉ ቀን ትዝታ የሌለን እኛ ወጣቶችም እንይዛለንና። በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ይህን በግልጽ ያየዋል። ከቤቱ ርቆ ሲመደብ አንዲት ሻንጣ ይዞ ይሄዳል። በተደራራቢ አልጋና በአንድ ጠባብ ሎከር ይኖራል፤ ይኖርበታልም፤ ምንም አይጎድለውም ማለት ይቻላል። በመጨረሻው ዓመት ግን ያችው ሻንጣ አልዘጋ ትላለች። ከሞላትም ነገር የሚበዛው ሁለተኛ ያልተነበበ ሃንድአውት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ስለ እኛ የተነገረ ይመስላል። (ይህችም መጽሔት ብዙዎቻችሁ ዘንድ ተነባ ወይም ሳትነበብ ከአልጋ ሥር እንደምትገባ አንጠራጠርም፤ ቅር አይለንም።)

ሰው የያዘውን የማይለቅበትን ምክንያት ከመረመሩት መካከል ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔትሽና ሪቻርድ ቴለር ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከተማሪዎች መካከል ለአንዳንዶቹ የሻይ ኩባያ ሰጡና፣ የተሰጣቸው በስንት እንደሚሸጡት፣ ያልተሰጣቸው በስንት እንደሚገዙት ጠየቁ። ባለኩባያዎቹ ወደ 7 ዶላር ሲጠይቁ፣ ገዢዎቹ የሰጡት ወደ 3 ዶላር ብቻ ነበር። ኩባያው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ «የእኔ» መባሉ ነው፤ «የእኔ» ከተባለም ገና ብዙ ጊዜ አልሆነውም። ደቂቃዎች ይህን ካደረጉ ሃያ ዓመት ምን አያደርግ?

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ላይ አንድ ቃል ብቻ የሚናገር የሚመስለን ካለን በደንብ አላነበብንም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 መናውን ለነገ ያስቀመጡት ሰዎች ተልቶ አገኙት። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ የሰባት ዓመት እህል አከማችቶ አገር አዳነ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጎተራውን ሊያሰፋ ያሰበው ባለጠጋ በዚያች ሌሊት ተጠራ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ ጌታችን ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዳይባክን አስሰብስቦ አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ከሰማይ እንጀራ ሊያዘንብ የሚችለው እርሱ ፍርፋሪ አስለቀመ! እንግዲህ ማስቀመጥም መጣልም በራሱ ጽድቅ ወይም ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ የሚያስቀምጥለት ሰው ነበረው፤ ዓመቱም ተቆጥሮ ነበር። ባለጠጋው ግን በአሳቡ ሁሉ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የተነጋገረው፤ በጎተራው አጠገብ ሌላ ሰው አይታይም። ከአልጋችን ሥር ያለውን ነገር ስናወጣ የምንጠይቀው ጥያቄ እንግዲህ «ደስታ ይሰጠኛልን?» ከሚለው ይልቅ «ለማን ነው የተቀመጠው? እስከ መቼስ?» የሚል ቢሆን የተሻለ ይመስለናል። ለታናሽ እኅቷ የተቀመጠች ዩኒፎርም ባለቤት አላት። ለማንም ያልሆነው፣ ቀኑም ያልተወሰነው ነው ኮተት።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለዚያው ባለጠጋ ሲሰብክ ነገሩን እስከ ጥጉ አድርሶታል። በሣጥን የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ሰው ልብስ ነው፣ ቤትህ የሚበሰብሰው ጫማም ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ጫማ ነው የሚል ትምህርት ነው ያስተማረው። ይህን ከልብ የሰማ ሰው ቁም ሣጥኑን መክፈት ያስፈራዋል። በዚህ ትምህርት መሠረት ትርፉን የሚሰጥ ሰው ለጋስ አይደለም፤ ዕዳውን የሚከፍል ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚታይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ለበዓል ሰሞን ለነዳያን ልብስ ሲሰበሰብ የሚመጣውን ፌስታል የፈታ ሁሉ ያውቀዋል። ጥንዱ የሌለ ጫማ፣ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ፣ ያልታጠበ ሱሪ፣ አንዳንዴም የተቀደደ የውስጥ ልብስ ይገኝበታል። ሰጪው ቤቱን አጸዳ፤ ልቡም «መጸወትሁ» ብሎ አረፈ። ኮሚቴውም ለይቶ የሚጥለውን ይጥላል። በትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 1 ዕውሩንና አንካሳውን በግ ለመሠዊያው ያመጡ ካህናት የተወቀሱት በዚሁ ነገር ነው፤ ለገዢህ ብታቀርበው ይቀበልሃልን ተብለው ነበር የተጠየቁት። ቤታችንን ለማቅለል ብለን የድኃውን ቤት የቆሻሻ መጣያ ማድረግ ምጽዋት ሊባል አይችልም። የሚሰጥ ልብስ ይታጠባል፣ ቁልፉ ይተከላል፣ ይታጠፋል። ይህን ለማድረግ የሰነፈ ሰው ምናልባት ልብሱን አልሰጠም፤ ከፊቱ አራቀው እንጂ።

ደግሞም ከፊታችን ያራቅነው ሁሉ የሚሄድበት ቦታ አለው። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የጣለችው ሁሉ የተከመረበት ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ብዙዎቹ ያንኑ ክምር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። ክምሩ የማን ነበር? አንድ ከረጢት ከበሩ አውጥቶ «ቀለለኝ» የሚል ሰው ክብደቱ እንዳልጠፋ፣ ትከሻ እንደለወጠ ቢያስብ መልካም ነው። ይህን የምንለው አትጣሉ ለማለት አይደለም፤ ከመጣል በፊት ያለው ሥራ፣ ማለትም ሳይገዙ መቅረት፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ስለሆነ ነው። የሰው ቤት የሚሞላው በበሩ በኩል ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ቤቱ ቢቀል ኅሊና ያርፋልን? አባታችን ቅዱስ እንጦንስ ወጣት ሳለ ስለ ሀብታሙ ጎልማሳ የሚናገረው ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ዕቃውን ሸጦ ለድሆች አካፈለ። ለእኅቱ ብሎ ጥቂት አስቀርቶ ነበርና፣ ስለ ነገ መጨነቅ እንደማይገባ የሚናገረውን ወንጌል ሲሰማ ያንንም ሰጠ፤ እርሷንም ለደናግል አደራ አለ። ቅዱስ አትናቴዎስ ታሪኩን ሲጽፍ ግን ከዚያ በኋላ ዕረፍት ሆነ ብሎ አልዘጋውም። ጦርነቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ በሆነው ቦታ የቤቱ ትዝታ፣ የእኅቱ አሳብ፣ የገንዘብ ፍቅር እየመጣ ይታገለው ነበር። ዕቃው ሲወጣ፣ ዕቃው ሸፍኖት የነበረው ነገር ታየ ማለት ነው። በግብፅ በረሃ ያሉትን መነኮሳት የጎበኘው ዮሐንስ ካስያንም በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲጽፍ፣ ብዙ ወርቅና ሰፊ ርስት ትተው የመጡ አንዳንድ ሰዎች በኋላ ስለ አንዲት ቢላዋ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ብዕር ሲቆጡ መታየታቸውን አዝኖ ይናገራል። ርስቱን የለቀቀች እጅ መርፌዋን ጨበጠች።

ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተናገረው ምሳሌ አለ። ርኩሱ መንፈስ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ተጠርጎ፣ አጊጦ፣ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያም ከእርሱ የከፉ ሰባት ይዞ ይገባበታል። ጥርጊያው መጥፎ ስለነበረ አይደለም። ቤቱ ባለቤት አልነበረውም።

ዛሬ እነዚያ ሰባቱ በየት በኩል እንደሚገቡ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ክፍሉን አጽድቶ፣ ጠረጴዛውን ባዶ አድርጎ፣ በንጹሑ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያገላብጥ ወጣት ምን አጸዳ? ቁም ሣጥኑ በኪሱ ነው። በውስጡ የማይታዩ ሺህ ፎቶግራፎች፣ የማይነበቡ መጻሕፍት፣ አባል መሆናችንን የረሳናቸው ቡድኖች አሉ። ጥቅሙን አንክድም፤ ስብከቱንም መዝሙሩንም የምንሰማው በእርሱው ነው። ነገር ግን ዓይን የሚሻማበት ነገር ሁሉ አእምሮን ያደክማል ካልን፣ በዓለም ላይ እንደ ስልክ ብዙ ነገር የሚያሻማ ዕቃ ከአልጋ ሥር አልተገኘም። በባዶ ክፍል ጸሎት ሊደረግ ይችላል፤ መጽሐፍ ሊነበብ፣ ጓደኛ ተጠርቶ ቡና ሊጠጣ ይችላል። ክፍሉ የተለቀቀው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ግን ከርሞ እንደገና ሲጎትት ይገኛል።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ቤቱ ወይም ዶርሙ የተዝረከረከ ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ሐዘን ወይም የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው አልጋውን ማንጠፍ እንደ ተራራ የሚከብድበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የበሽታዎች መጽሐፍ፣ ምንም ነገር መጣል አለመቻልንና ቤትን መኖሪያ እስከማይሆን ድረስ መሙላትን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል። ስለዚህ የጓደኛችን አልጋ ለሳምንታት እንደተበተነ ብናይ፣ ከመሳለቅ በፊት «እንዴት ነህ? እንቅልፍ ትተኛለህ?» ማለት ይቀድማል። ክፍሉን አብሮ ማንሣትም ይቻላል። ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መናቅ አይገባም።

የሌላውን ሰው ዕቃ ያለ ፈቃዱ አውጥቶ መጣልም ጽዳት አይባልም። ይህ በተለይ እናትና አባታችን ቤት ገብተን አዋቂ ልንሆን ለሚያምረን ተማሪዎች ነው። የተማረ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ የእናቱን ጣሳዎች ለቆራሌው ቢሸጥ፣ የእርሱ ዓይን ያርፍ ይሆናል፤ የእርሷ ልብ ግን በራሷ ቤት እንግዳ ይሆናል። ተቀምጦ ማነጋገር ይሻላል። እያንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ብዙ ይሰማል፤ አንዳንዱንም እርሷው ራሷ «ይሂድ» ትላለች።

ዕቃ ብሎ መጥራት የሚከብድም ነገር አለ። በብዙ ቤት ሰው ሲሞት ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም አንዲት ጋቢ ትቀራለች። አትለበስም፤ ለማንም አትሰጥም፤ በሻንጣ ውስጥ ተጣጥፋ አንዳንዴ ብቻ ትወጣለች። ለማን ናት ቢባል መልስ የላትም፤ እስከ መቼ ቢባልም የላትም። ከላይ ባስቀመጥነው ጥያቄ ብትመዘን ኮተት ልትባል ነው። እኛ ግን አንላትም። ጥያቄው ጠቃሚ ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም።

ለመጪው ጳጉሜን እንግዲህ ከየቤታችን አስቀድመን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ብንጀምር ምን ይመስላችኋል? በሩ ሲከፈት የሚወድቀውን ካርቶን ሁላችን እናውቀዋለን። ቆዳው የተቀደደ ከበሮ አለ፤ ሊጠገን ይችላል፤ የሚጠግን አባትም በአጥቢያችን አሉ። የአሮጌ በዓላት ጨርቆችና ጽሑፎች አሉ። ወንድሞች ያወጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ያጥባሉም፤ እኅቶች በዚህ ዓመት ቁጭ ብለው ይቈጣጠሩ። አስቸጋሪው ከእኛ በፊት የነበሩት መዘምራን የለበሷቸው፣ እጅጌያቸው ያለቀ ዩኒፎርሞች ናቸው። አንዳንዶች ተቈርጠው መወልወያ ይሁኑ ይላሉ፤ ሌሎች ከእነርሱ ውስጥ ዛሬ ካህናት የሆኑ፣ ያረፉም ስላሉ አይነኩ ይላሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ዝግጅት ላይ ሳለን ስለ እነርሱ ተከራክረን አልተስማማንም። ጉዳዩ ለአባላት ጉባኤ ይቅረብ፤ እስከዚያው ታጥበው፣ ታጥፈው በአንድ ሣጥን ይቀመጡ።